ክሪኩን ማንም አላየውም፦ ለአዳማ የጋራዥ ባለሙያዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የአዳማ ባትላሜራዎች፣ መካኒኮች፣ ቀለም ቀቢዎችና የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዚህ ከተማ ላሜራ መቀጥቀጥ ከጀመርኩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም የመዶሻ አያያዝ የለመዳችሁት ከእኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ እንደ ባዕድ አይደለም። የምቆጣውም እንደ ታላቅ ወንድም ነውና በዚያው ልብ ተቀበሉኝ።

ባለፈው ወር ልጄ ስልኳን ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ይህን ልጅ እየው፤ የእኛው ከተማ ልጅ ነው» አለችኝ። ልጁ በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ከአጎቱ የወረሰው ቮልስዋገን ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ጎማው አፈር ውስጥ ሰምጧል፣ ወለሉ ተበልቷል፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር ዶሮ ጎጆ ሠርታበታለች። ልጁ ማታ ማታና እሑድ እሑድ በገዛ እጁ ያድሰዋል፤ የሠራውንም እየቀረጸ ለሕዝብ ያሳያል። ሁልጊዜ ሲጀምር «ባለሙያ አይደለሁም፤ እየተማርኩ ነው» ይላል።

ያየሁት ክፍል ከበሩ ሥር ያለውን ብረት የሚበይድበት ነበር። ቮልስ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው፣ አካሉንም ከወለሉ ጋር አስተሳስሮ የሚይዘው ያ ሳጥን መሰል ብረት ነው። ቀድሞ የሚበሰብሰውም እርሱ ነው። ልጁ የበሰበሰውን ቆርጦ አወጣ፣ አዲስ ላሜራ ለክቶ ገጠመ፣ ከዚያም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ በየደው። ላሜራው በሁለት ቦታ ቀልጦ ተበሳ፤ የቀረውም እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማተረ። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ «አበላሽቼዋለሁ፤ እንደገና ቆርጬ አወጣዋለሁ» አለ። ቆርጦ ሊጥለው ይችል የነበረውን ምስል አልደበቀውም።

ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። «ይህ ብየዳ ነው ወይስ የወፍ ኩስ?» ይላል አንዱ። «ብዕርህን ያዝና መዶሻውን ለባለቤቱ ተው» ይላል ሌላው። «የአጎትህን አጥንት ወጋኸው» ያለም አለ። ጸሐፊዎቹ ተራ ተመልካቾች ቢሆኑ ባላሳሰበኝ ነበር። ግን በአነጋገራቸው የሙያችን ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል፤ ሦስቱን ደግሞ በግል አውቃቸዋለሁ።

አሁን የተናደድኩበትን ልንገራችሁ። በዚያው ቪዲዮ ውስጥ፣ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት፣ ልጁ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ይገባል። የኋላ ጎማው ወልቋል። መኪናው የቆመው በአንድ ክሪክ ላይ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ለምትኩ ብሎ ሁለት ብሎኬት ደራርቧል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ግድግዳ ይሸከማል እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፍ የብረት ክብደት ሲመጣበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። የልጁ ደረት ልክ ከወለሉ ብረት ሥር ነበር። የተጻፈውን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩ። ስለ ብየዳው መስመር ያልተባለ ነገር የለም። ስለ ክሪኩ አንድ ቃል የተናገረ ሰው አላገኘሁም።

በ1981 ዓ.ም. በምሠራበት ጋራዥ አንድ ረዳት ነበረን፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። የጋራዡ ክሪክ ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ባለቤቱም ያውቅ ነበር። «ቶሎ ግባና ብሎኑን አጥብቀህ ውጣ» ተባለ፤ ገባ። ሕይወቱ ተርፏል። ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ መዶሻ አልጨበጠም። ለዓመታት ምግብ ቤት ውስጥ በግራ እጁ ሒሳብ ሲቀበል አየው ነበር፤ በገባሁ ቁጥር ሻይ ሳያስከፍለኝ ያሳልፈኛል፤ እኔም ቀና ብዬ ማየት ያቅተኝ ነበር። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ማቆሚያ አይደለም። ይህን ለማያውቅ ልጅ መንገር የማን ሥራ ነው? የሒሳብ ሠራተኛው ከየት ያውቀዋል? እናንተ ግን ታውቃላችሁ፤ አውቃችሁም የሳቃችሁት በብየዳው ነው።

ብየዳው ጥሩ ነበር አልልም፤ መጥፎ ነበር። የቮልስ ላሜራ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ስስ ብረት ሙቀቱ በአንድ ቦታ ሲከማችበት ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ በመሃል ቅርጹን ያጣል። ስለዚህ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ነው የሚያዘው፦ አንድ ነጥብ ከዚህ ጫፍ፣ አንድ ከዚያኛው፣ አንድ ከመሃል። ከዚያ መዳፍህን አሳርፈህ እስኪያስችልህ ድረስ ትጠብቃለህ፤ ትቀጥላለህም። በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ቀስ በቀስ ይሞላል። አንድ ክንድ የምታህል መስመር ግማሽ ቀን ልትፈጅ ትችላለች። እዩት እስኪ፤ ይህን ለመጻፍ የፈጀብኝ ጥቂት መስመር ነው። ከእናንተ አንዱ «የወፍ ኩስ» ብሎ ከሚጽፍ ይህን ቢጽፍለት ልጁ በማግስቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይበይድ ነበር።

ለምን አልጻፋችሁለትም ብዬ ሳስብ መልሱን ከራሳችን አስተዳደግ ውስጥ አገኘሁት። እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1974 ዓ.ም. የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ያስተማሩኝ ሰው ሙያውን ያገኙት ከጣሊያኖች ጋራዥ ነበር። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ አንደበታቸው ግን ዝግ ነው። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። ካቻቢቴ ስትጠየቅ ፒንሳ ካቀበልክ ፒንሳው በጆሮህ ሥር እያፏጨ ይመለስልሃል። የተለጠጠ ላሜራ በእሳት ቀልቶ በእርጥብ ጨርቅ ሲመታ እንደሚሰበሰብ ያወቅሁት ሦስት ዓመት ሙሉ በዓይኔ ሰርቄ ነው፤ ጨርቁን ሲያነሱ ሆን ብለው በትከሻቸው ይከልሉኝ ነበር። ሁላችንም እንዲሁ ስላደግን ዕውቀት በስድብና በመከለል የሚተላለፍ ይመስለናል። እርሳቸው ሲያርፉ ደግሞ ያልሰረቅሁት ሁሉ አብሯቸው ተቀበረ። የፊያት 600 ጣሪያ ጥምዝ ላይ ይጠቀሙበት የነበረውን አካሄድ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳዩ የወጣ ቢመስላችሁም ለእኔ ትልቅ ነው። ያ ልጅ በቪዲዮው ላይ እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ እየነካ በስሙ ይጠራል። «ይህ ፓራፋንጎ ነው፣ ይህ ክሩስኮት ነው፣ ፍሬቻው አይሠራም፣ ሞተሪኖው ነክሷል» ይላል። የጎማ መሸፈኛውን፣ ዳሽቦርዱን፣ የመታጠፊያ መብራቱንና የሞተር ማስነሻውን ማለቱ ነው። እነዚህ የእኛ ቃላት ናቸው። ባትላሜራ የሚለው ስማችን ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ሁሉም ከዚያ መጥተው በእኛ አፍ ተሞርደው ሀበሻ ሆነዋል። ተለማማጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ቢሰጠው አንዱንም አያገኝበትም። በሕይወቴ ሙሉ በጩኸትና በዘይት መካከል ሲጠሩ የሰማኋቸውን ቃላት አንድ ወጣት በረጋ ድምፅ፣ ዕቃውን እያሳየ፣ ለማያውቀው ሰው ሲያስረዳ ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሙያችን በገዛ ቋንቋው ሲመዘገብ ነው ያየሁት። በዚህ ላይ ነው የተፋችሁበት።

ደግሞስ እኛ ማን ሆነን ነው? የላሜራ መሙያውን፣ ስቱኮን እናንሳ። ዝገቱን ሳይቆርጡ ስቱኮ ለጥፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም አልብሶ ማስረከብ በከተማችን እንግዳ ነገር ነው? በ1990ዎቹ አንድ አባወራ ያመጡትን ፔጆ 404 በር ጣት በሚያህል ስቱኮ ሞልቼ አስረክቤያለሁ። ገንዘቡን ቆጥሬ ተቀብያለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ወደቀ፤ ከሥሩ ዝገቱ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰውዬው አልሰደቡኝም፤ በሩን ብቻ ከፍተው አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልዬ በላሜራው ላይ ሳላስኬድ ቀለም አላስቀባም፤ ማግኔቱ ከላላ ከሥሩ ያለው ብረት ሳይሆን ውሸት ነው። ያ የሒሳብ ሠራተኛ የተበላሸውን ብየዳ በአደባባይ አሳይቶ ቆርጦ ጣለው። እኔ የእኔን ደብቄ ሸጥኩት። ከሁለታችን ባለሙያው ማነው?

ቁጣ ካላችሁ ግን ቁጣ የሚገባው ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አትማሩት፤ እኔም አልምረውም። ቀደም ባሉት የቮልስ ሞዴሎች የፍሬን ዘይት መስመሩ አንድ ብቻ ነው። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣሉ። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት በቆመ መኪና ውስጥ ሲሊንደሩ ከውስጥ ዝጎ፣ በውስጡ ያሉት ትናንሽ ጎማዎችም ደርቀው ይቆያሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ «ፍሬኑ ይሠራል» ብሎ ያን መኪና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ ይዞ መውጣት፣ ከጎኑም የጅቡቲ ተሳቢዎች እያለፉ፣ ነፍስን በክር ማንጠልጠል ነው። የነዳጁ ቱቦም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሾፌሩ እሳት መነሳቱን የሚያውቀው ከተስፋፋ በኋላ ነው። አሮጌ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ስንት ቮልስ እንደ ችቦ ነደደ! የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ሲደፉበት ይብሳል፤ ለእንዲህ ያለ ብረት የተዘጋጀ እሳት ማጥፊያ ካልያዙ መሸሽ ነው ያለው። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ ደግሞ አስቤስቶስ አለበት፤ ሳንባ ይገድላል። ይህን ለልጁ ስትነግሩ ለራሳችሁም ንገሩ፤ ዛሬም በኮምፕረሰር እያራገፋችሁ ከተለማማጆቻችሁ ጋር ትተነፍሱታላችሁና።

«ቀለሙ የፋብሪካው አይደለም፣ ቸርኬው የዘመኑ አይደለም» የምትሉትን አልነቅፋችሁም። መኪና መታሰቢያም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ሲወጡ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬም ያን መኪና ሳይ ያ ቀን ትዝ የማይለው የዕድሜ እኩያዬ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ትክክለኛው ምን እንደነበር ተናገሩ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣ መኪና ነው። በዓለም ላይ ንጹሑን ጠብቆ የሚያቆይ ሰው አይጠፋም። እዚህ ያለው ግን በአንድ ወጣት ደመወዝ፣ ከተገኘው ዕቃ፣ ከዛፍ ሥር የተነሳ ነው። ቸርኬው ኋላ ይቀየራል። የተጣለ መኪና ግን ለቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ከተሸጠ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ይህ የሚያሳስበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ውሳኔውን ለመሟገት አይደለም የማነሳው። ነገር ግን በአገሩ ውስጥ ያለው ቮልስ፣ ፔጆ 404፣ ፊያት 600፣ ላዳ፣ ያለው ይኸው ነው፤ አይጨመርበትም። በዚህች ከተማ ጋራዥ የተስፋፋው በአሰብ መንገድ ላይ ይመላለሱ በነበሩት ኤንትሬ በሚባሉት የፊያት ጭነት መኪናዎች ጀርባ ነው። እስቲ ዛሬ አንድ ሙሉ፣ ሳይነካካ የቀረ ኤንትሬ አሳዩኝ። አንድ ሰው ያን ጊዜ ቢቀርጸው ኖሮ የልጅ ልጆቻችን ያዩት ነበር።

እነዚህ በቪዲዮ የሚያሳዩ ልጆች እንጀራችንን ይወስዱብናል የምትሉም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እኔ የገጠመኝ ተቃራኒው ነው። ባለፉት ሳምንታት አንድ ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ስነግረው እንደ ወትሮው አልጮኸብኝም። «ነጥብ ነጥብ አድርገህ ነው የምትበይደው? እንግዲያው ጊዜ ይፈጃል» አለኝና ቀብድ ቆጠረልኝ። ከየት እንደተማረው ስጠይቀው ከቪዲዮ እንዳየው ነገረኝ። ሥራችን ምን ያህል እንደሚያደክም ለዘመናት ማንንም ማሳመን አቅቶን ነበር።

ሥራችሁን በቪዲዮ ለምትቀርጹትም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቼ፣ የስድስት ወር ድካም በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሲታይ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ያን ያየ ሌላ ልጅ ነገ ያለ ምንም ዝግጅት ከመኪና ሥር ይገባል። የጠበቃችሁትን ጊዜ ተናገሩ። ገንዘቡንም ተናገሩ። ባለሙያ ጠርታችሁ ያሠራችሁት ሥራ ካለ ደግሞ ሰውየውን በስሙ ጥሩት። አንዳንድ ቪዲዮ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የቀጠቀጠው ባትላሜራ እጁ ብቻ ይታያል፤ ፊቱም ስሙም የለም። ቅሬታችን ከቅናት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ይህም አለበት።

አሁን ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው እሑድ ከወፍራም ቧንቧና ከቁርጥራጭ አንግል ብረት ሁለት መደገፊያ በየድኩ፤ ባለ ሦስት እግር፣ ከፍታው በብሎን የሚስተካከል። ልጄ አፈላልጋ አድራሻውን አገኘችልኝና ተያይዘን ሄድን። ልጁ በሩን ከፍቶ መደገፊያዎቹን በትከሻዬ ተሸክሜ ሲያየኝ የመጣሁት ልሰድበው መስሎት ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ስለ ብየዳው ከሆነ ቆርጬዋለሁ» አለኝ። መጀመሪያ መኪናውን ከክሪኩና ከብሎኬቱ ላይ አወረድነው። መልሰን አንስተን በመደገፊያዎቹ ላይ አሳረፍነው፤ ሁለታችንም በሙሉ ኃይላችን ወዘወዝነው፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ብየዳ ያወራነው። እስከ ማታ አንድ ስንዝር ተኩል በየደ። መዳፉን በላሜራው ላይ አሳርፎ ሲጠብቅ ካሜራውን የያዘችው ልጄ ነበረች።

የሚቀሩ ሥራዎች አሉ። የፊት ቀኝ ፓራፋንጎው ተጨማዷል፤ እርሱን እኔ አወጣዋለሁ። ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ የሚያይ መካኒክ እንፈልጋለን፤ ከቪዲዮው ሥር ከጻፋችሁት መካከል በፍሬን ሥራ በከተማው አቻ የሌለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ራሱን ያውቃል፤ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት በኋላ እንድትመጣ እጠብቅሃለሁ። ቀለም ቀቢም ያስፈልገናል። ግቢው ጣሪያ የለውም፤ የአዳማ ነፋስ አንዴ ከተነሳ እርጥብ ቀለም ላይ አቧራ አራግፎ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የሚመጣው ሰው ንጋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነፋስ ሳይነሳ መድረስ አለበት። የቁርሱ ነገር አያሳስባችሁ፤ የልጁ እናት ከወዲሁ ነግረውኛል።

ወንድማችሁ፣
በፍራንኮ ሰፈር የምትገኝ ትንሽ ጋራዥ ባትላሜራ
አዳማ